ፌደራል ኤክስኤም193 5.56 ጥይት፦ ሳጥኑን ትታችሁ የቀለሁን ቂጥ እዩ

ሰላም ጓዶች፣ የምኖረው ዳላስ አካባቢ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሀበሻ ልጆች ጋር ሆነን ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ሬንጅ ሄደን ኢላማ እንተኩሳለን፣ ኤአር (5.56 የሚተኩሰውን ጠመንጃ) የገዛ ሁሉ ምን ጥይት ልግዛ እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

የገዛሁት ፌደራል የሚባለው ኩባንያ የሚሸጠውን ኤክስኤም193 ነው፣ 55 ግሬን (የአረሩ ክብደት)፣ 420 ፍሬ በቆርቆሮ ሳጥን፣ አስር አስር እየሆነ በክሊፕ (ጥይት በሚደረደርበት ቀጭን ብረት) የተሰካ። ሶስት ክሊፕ ስትገፉበት 30 ጥይት የምትይዘው ካርታ (ጠመንጃው ላይ የምትሰካዋ የጥይት ማጎረሻ) ሞላች ማለት ነው፣ ጣት አያሳምም፣ ይሄ ብቻውን ደስ ይላል። እስካሁን ከግማሽ በላይ ተኩሼዋለሁ፣ አንድም የከሸፈ የለም አንድም አልተቀረቀረብኝም፣ በ100 ያርድ ላይ ተረጋግቼ ስተኩስ ጥይቶቹን ሶስት ኢንች አካባቢ ውስጥ ይሰበስባል። የውድድር ጥይት አይደለም፣ ከሱ ያንን አትጠብቁ፣ ለልምምድ ግን በጣም አሪፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቀለሁን ገልብጣችሁ ስታዩት የኔው ላይ "ኤልሲ" ይልና ከስሩ 19 የሚል ቁጥር አለው፣ አጠገቡ ክብ ውስጥ ያለ መስቀል አለ፣ እሱ የኔቶ ምልክት ነው። ኤልሲ ማለት ሌክ ሲቲ ነው፣ ሚዙሪ ኢንዲፔንደንስ ከተማ ያለው የአሜሪካ ጦር ጥይት ፋብሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የተቋቋመ፣ ንብረቱ የመንግስት ነው የሚያንቀሳቅሱት ግን የግል ኩባንያዎች ናቸው፣ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ዊንቸስተር ነው የያዘው። 19 ደግሞ ቀለሁ የተሰራበት አመት ነው። የቀለሁ አንገት ጋ ጠቆር፣ ሰማያዊ ነገር ያለ መልክ ታያላችሁ፣ አንድ ጓደኛዬ የተቃጠለ አሮጌ ጥይት ሸጡልኝ ብሎ ሊመልሰው ነበር፣ እሱ ጥሩ ምልክት ነው እኮ! ነሐሱ ሲሰራ ስለሚጠነክር አንገቱን በእሳት አሙቀው ያለሰልሱታል አለዚያ ይሰነጠቃል፣ ለሲቪል የሚሰሩት ብዙዎቹ ምልክቱን ወልውለው ያጠፉታል የወታደሩ ላይ ግን እንዲታይ ይተውታል። ፕራይመሯም (ቂጡ መሀል ያለችው ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሿ ክዳን) ዙሪያዋ ተጨፍልቆ ጥብቅ ተደርጋ ተይዛለች፣ እርጥበት እንዳይገባም ቀለም ተቀብታለች።

ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ስለተሸወድኩ ነው። ከዚህ በፊት ስሙን ከማልጠራው አንድ የኦንላይን ሱቅ "ሌክ ሲቲ 5.56" ተብሎ 500 ፍሬ ገዛሁ፣ ዋጋው ቀነስ ያለ ነበር፣ ሲመጣ ፌስታል ውስጥ የተዘረገፈ፣ ቂጡን ሳየው አንዱ 08 አንዱ 12 አንዱ 15፣ ፕራይመሩ ዙሪያ ያለው ጭፍለቃ ተፍቋል፣ ቀለም የለም፣ ቀለሁ ላይ ጭረት አለ። ለካ ሌላ ሰው ተኩሶ የጣለው ቀለህ ተለቅሞ እንደገና ባሩድ የተሞላ ነው። ኤልሲ የሚለው ጽሁፍ ቀለሁ የት እንደተሰራ ነው የሚነግራችሁ፣ ማን እንደሞላው አይነግራችሁም! ሁለቱ ከሸፉ፣ አንዱ አጎራረሱ ላይ ተቀርቅሮ በስንት ጉድ ወጣ፣ ከዛ በኋላ አልተኮስኩትም፣ ፊት አጠገብ የሚፈነዳ ነገር ላይ ቁማር አልጫወትም። የሳጥን ፎቶ ብቻ አይቼ ነው ብሬን የከፈልኩት።

አረንጓዴ ጫፍ ያለውን ኤም855 የምትጠይቁኝም አላችሁ፣ 62 ግሬን ነው ውስጡ የብረት ጫፍ አለው። አጠገባችን ያለው የቤት ውስጥ ሬንጅ በር ላይ ማግኔት ያስነኩታል፣ ከሳበ አያስገቡም፣ ወረቀት ለመምታት 193 ይበቃችኋል። ደግሞ በርሜላችሁ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ .223 (ከ5.56 ጋር የሚመሳሰለው የሲቪል ጥይት) ብቻ የሚል ከሆነ 5.56 አታጉርሱበት፣ ግፊቱ ከፍ ሊል ይችላል፣ 5.56 የሚለው ግን ሁለቱንም ይተኩሳል።

ክላሽ ላላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። የሩሲያ ባለብረት ቀለህ ጥይት ርካሽ ነበር፣ ከመስከረም 2021 ጀምሮ የሩሲያው ተቃዋሚ ፖለቲከኛ ናቫልኒ በመመረዙ በተጣለው ማዕቀብ ምክንያት አሜሪካ አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት አቆመች፣ አሁን የምታገኙት ጥሩው የቦስኒያው ኢግማንና የሰርቢያው ፕርቪ ፓርቲዛን ነው፣ ሁለቱም ነሐስ። የብራንድ ስምም አያታልላችሁ፣ ዎልፍ የሚባለው አስመጪ እንጂ ፋብሪካ አይደለም፣ ዎልፍ ጎልድ የሚለው .223 ታይዋን ነው የተሰራው፣ ፒኤምሲ የሚባለው ብራንድ ደግሞ ደቡብ ኮሪያ። ድሮ ሰራዊት ውስጥ የነበሩ አንድ ጋሼ አብረውን ይመጣሉ፣ የሶቪየቱን ጥይት ቂጥ አይተው 17 ከሆነ ባርናውል 539 ከሆነ ቱላ ይሉናል በቃላቸው። የድሮ የዩጎዝላቪያ ጥይት ርካሽ ነው ብዬ ሳመጣ እሳቸው ናቸው ያስጠነቀቁኝ፣ ፕራይመሩ ጨው ይተዋል፣ ጨው እርጥበት ይስባል፣ በርሜሉ ይዝጋል፣ እዛው ቀን በሙቅ ውሃ አጥባችሁ አድርቃችሁ ዘይት ካልቀባችሁት አበቃ።

ለኤክስኤም193 ከ5 አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት በዋጋው ምክንያት ነው። ያኛው ሱቅ ስንት ኢሜይል ከተጻጻፍን በኋላ ግማሽ ገንዘቤን ነው የመለሰው፣ ስለዚህ አሁን እሽጉን ስከፍት ጀምሮ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ ከላይ ከመሀል ከታች አስር አስር ፍሬ አውጥቼ ቂጣቸውን ፎቶ አነሳለሁ፣ ከዛ ነው ወደ ሬንጅ የምወስደው።