ስዊች 2 ወይስ ፕሌይስቴሽን 5? ከነጋዴ ወይስ በዘመድ እጅ? ጎንደር ላለ ገዢ

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ለእህቴ ልጅ ስዊች 2 የሚባለውን የኒንቴንዶ ኩባንያ የጌም ማሽን (ኮንሶል) ገዛሁለት። ዕቃው ገበያ ላይ ከዋለ ገና ሁለት ወሩ ነበር። አንድ ነጋዴ በቴሌግራም «የቀረችው አንዲት ፍሬ ናት፣ ነገ አታገኛትም» አለኝ። ግማሹን ቀብድ በባንክ ላክሁ። በሦስተኛው ቀን ደወለና «ዶላር ጨምሯል» ብሎ ሌላ አስጨመረኝ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከሚመጣ ሰው ጋር ላከው፤ አዘዞ ሄጄ ተቀበልኩ።

ቤት ደርሰን ሳጥኑን ከፈትነው። ስክሪኑ በራ። ከላይ እስከ ታች ጃፓንኛ ነው። ልጁ አንዱን ጽሑፍ ሲነካ ሌላ ጃፓንኛ ይመጣል። «አጎቴ፣ እንግሊዝኛው የት አለ?» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ በካሜራ እያስተረጎምኩ፣ መስመር በመስመር ቋንቋ መቀየሪያውን ፈለግን። የለም። ነጋዴው ጋ ደወልኩ። «ሳጥኑን ከፍታችሁታል፣ አልመልስም» አለና ዘጋው።

ይህን የምጽፈው እኔን የደረሰብኝ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። ጎንደር ውስጥ ኮንሶል ሲገዛ ከማሽኑ ይልቅ የመጣበት መንገድ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ጃፓን ውስጥ ሁለት ዓይነት ስዊች 2 ይሸጣል። አንዱ የአገር ውስጥ ነው፤ ሲወጣ ዋጋው 49,980 የን ነበር። ጃፓንኛ ብቻ ይናገራል፤ አገሩ ጃፓን ተብሎ ከተከፈተ አካውንት ሌላ አይቀበልም። ሁለተኛው ባለብዙ ቋንቋ ነው፤ ሲወጣ 69,980 የን ነበር። እሱ የሚሸጠው በኒንቴንዶ የራሱ የኢንተርኔት መደብር ብቻ ነው። በዚያ ዋጋ የአገር ውስጡን ገዝቶ እንደ ባለብዙ ቋንቋው አድርጎ የሚሸጥ ሰው፣ ገና ሳይነሳ 20,000 የን አተረፈ ማለት ነው። አየር ባየር የሚነግደው ሰው ዕቃውን በዓይኑ ስለማያየው አንዳንዴ እሱም አያውቅም። ኪሳራው ግን የገዢው ነው።

አየር ባየር እና ዘመድ

ነጋዴው ያለው አንድ ጥቅም ፍጥነት ነው። ዛሬ ትልካላችሁ፣ በሳምንት ውስጥ ይደርሳል። ከዚያ ውጪ ብዙም የምመሰክርለት የለኝም። ዋስትና የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ዋጋውም በመሀል ይቀየራል።

«ጠፍቷል» ለሚለው ንግግር ደግሞ አትደንግጡ። ፕሌይስቴሽን 5 ኅዳር 2013 ዓ.ም. ሲወጣ እውነትም ጠፍቶ ነበር። ኮቪድ ነበር፣ የቺፕ እጥረት ነበር፤ አትራፊዎች በኮምፒውተር ፕሮግራም በሴኮንድ ውስጥ እየለቀሙ በእጥፍ ይሸጡት ነበር። አምራቹ ሶኒ እጥረቱ ተቃለለ ያለው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ነው። ስዊች 2 ግን ሌላ ነው። ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጣ፤ በአራት ቀን ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ጃፓን ውስጥ በዕጣ ነበር የሚሸጠው፤ 2.2 ሚሊዮን ሰው ተመዘገበ። ለአትራፊ እንዳይሄድ ብለው፣ ዕጣ ውስጥ ለመግባት በድሮው ስዊች ቢያንስ 50 ሰዓት የተጫወተ መሆንን ጠየቁ። እስከ መስከረም 2018 ዓ.ም. ድረስ ሽያጩ ከ10 ሚሊዮን አለፈ። ይህን ያህል ከተመረተ ዕቃ ላይ «የመጨረሻ ፍሬ» የሚባል ነገር የለም።

ዘመድ ያመጣው ዕቃ ይዘገያል። የሚመጣ ሰው መጠበቅ አለ፤ ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ካልሆነ ላይመጣ ይችላል። ግን ዋጋው የሱቅ ዋጋ ነው። ደረሰኝ አለው። ከሁሉ በላይ «ሳጥኑን በአራቱም ጎን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» ስትሉት ይልካል። ነጋዴው ይህን ሲጠየቅ ከተቆጣ፣ መልሱን አግኝታችኋል። የጃፓኑ ሳጥን ላይ ለአገር ውስጥ ብቻ መሆኑ ተጽፏል፤ ጽሑፉ ግን በጃፓንኛ ነው። ስልካችሁ ይተርጉመው።

ሌላም አለ። ሳጥኑ የተከፈተ ወይም ያገለገለ ስዊች 2 ከሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከዋይፋይ ጋር አገናኙትና የኢንተርኔት መደብሩን ክፈቱ። ኒንቴንዶ የተኮረጀ ጌም የተጫወተበትን ማሽን ከኢንተርኔት አገልግሎቱ ይዘጋዋል። የሚዘጋው ማሽኑ ራሱ ስለሆነ ባለቤት ቢቀየርም አይከፈትም። 2124-4508 የሚል ቁጥር ካያችሁ ዕቃውን አስቀምጡት።

ማሽን ለማሽን

መጀመሪያ መብራት። ክረምት ላይ ማራኪ ሰፈር እኛ ቤት በቀን ሁለቴ ሦስቴ ይጠፋል። ስዊች 2 የራሱ ባትሪ አለው፤ እንደ ጌሙ ክብደት ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ይቆያል። መብራት ሲሄድ ልጁ ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ በእጁ ይዞ ይቀጥላል። ፕሌይስቴሽን 5 እዚያው ድርግም ይላል። ሲመለስ «በትክክል አልጠፋም» ብሎ ማስቀመጫውን መፈተሽ ይጀምራል። ይህ ሲደጋገም ያሳስበኛል። ፕሌይስቴሽን የምትገዙ ከሆነ የዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ) ዋጋ አብራችሁ ቁጠሩ።

ለኳስ ጌም ግን ምንም ጥያቄ የለውም፣ ፕሌይስቴሽን ነው። ፒያሳም ሆነ አራዳ ያሉት ጌም ቤቶች የሚሠሩት በእሱ ነው። ጓደኛ ጆይስቲኩን ይዞ ይመጣል። ሲዲ ትዋዋሳላችሁ፣ ትቀያየራላችሁ፣ ሲሰለቻችሁ ትሸጣላችሁ። የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲዎችም 5ቱ ላይ ይሠራሉ። ታዲያ ሲዲ የሚበላውን መግዛታችሁን አረጋግጡ። ሲወጣ ባለ ሲዲው 499 ዶላር፣ ያለ ሲዲው 399 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም ጨምረዋል። ሲወጣ 699 ዶላር የተባለው ውዱ ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ እንኳ ከነሲዲ ማጫወቻው አይመጣም። ያለ ሲዲ የሚሠራውን መግዛት ማለት ጌሙን ሁሉ ማውረድ ማለት ነው፤ አንድ ጌም ከ50 እስከ 100 ጊጋባይት ሊፈጅ ይችላል። በሞባይል ፓኬጅ የሚሞከር አይደለም። በዚያ ላይ የሶኒ መደብር ኢትዮጵያን በአገሮች ዝርዝሩ ውስጥ ስለማያካትት፣ አካውንቱ በሌላ አገር ተከፍቶ በስጦታ ካርድ ነው የሚሞላው።

ስዊች 2ም በዚህ በኩል ንጹሕ አይደለም። አንዳንዱ የጌም ካርድ ውስጡ ባዶ ነው። ቁልፍ ብቻ ይዟል፤ ጌሙን ከኢንተርኔት ታወርዳላችሁ። ማሸጊያው ፊት ላይ ስለሚጻፍ ሳታነቡ አትግዙ። ተጨማሪ ሜሞሪ ሲያስፈልግም የስልኩ ካርድ አይሆነውም፤ ኤክስፕረስ የሚባለውን ፈጣኑን ይፈልጋል፣ እሱም ውድ ነው።

ገንዘቡ አልበቃ ካለ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 አያሳፍርም። ለኳስ ዛሬም ይበቃል። ከጌም ቤት የወጣ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ የሠራ ማሽን ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተጫወቱበት። ማራገቢያው ይጮኻል? ጆይስቲኩን ሳትነኩት ተጫዋቹ ብቻውን ይሄዳል? ሃርድ ዲስኩ ቢበላሽ አትጨነቁ፣ የላፕቶፕ ዲስክ ይገባለታል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቤታቸው ልጆች ላሏቸው በዘመድ እጅ የመጣ ስዊች 2 እላለሁ። ለግቢ ተማሪና ለኳስ ወዳጅ ባለ ሲዲ ፕሌይስቴሽን 5፣ ካልሆነም 4። አዲስ ዕቃ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ከአየር ባየር ነጋዴ መግዛትን ለማንም አልመክርም።

ያንን ጃፓንኛውን ስዊች ሸጥነው። ገዢው ጃፓንኛ የሚማር ወጣት ነበር፤ ያለውን ችግር አንድ በአንድ ነግረነው፣ ከስረን ሰጠነው። ለጥምቀት የአክስቴ ልጅ ሌላ ስዊች 2 ይዛ ከአሜሪካ መጣች። ከመክፈሏ በፊት የሳጥኑን ፎቶ ልካልኝ ነበር። ቻርጀሩ ጠፍጣፋ ባለ ሁለት ጥርስ ስለሆነ ወደ አራዳ ወርደን መቀየሪያ ሶኬት ገዛን፤ ከመሰካታችን በፊት ልጁ ቻርጀሩ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ በባትሪ እያበራ ጮክ ብሎ አነበበልኝ።