ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ልጄን የመገበች ጁስ ቤት

በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት የ9 ዓመት ልጄ ቶንሲሏ በቀዶ ሕክምና ስለወጣላት፣ ባሕር ዳር ከጣና ዳር ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው መንገድ ላይ ያለች አንዲት ሰሌዳ አልባ ጁስ ቤት ለሁለት ሳምንት ያህል የዘወትር ደንበኞች ሆነን ከረምን። ሐኪሙ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር እንድትወስድ፣ ከሎሚ፣ ከብርቱካን፣ ከበርበሬና ከትኩስ ምግብ እንድትርቅ፣ በስትሮም እንዳትጠጣ አዞናል። ጉሮሮ በደረቀ ቁጥር ሕመሙ ስለሚብስ፣ መዋጥ ቢያማትም ፈሳሽ እንዳይቋረጥባት አጥብቆ አሳስቦናል። ወቅቱ ግን ፍልሰታ ስለነበር፣ የንስሐ አባታችን ቢፈቅዱላትም እንኳ ልጄ ከእኩዮቿ ተለይታ ወተትና እርጎ መቅመስን እምቢ አለች።

ይህን ለባለቤቷ ስነግራት አቮካዶውን ያለ ሎሚና ያለ ቪምቶ አዘጋጀችልን። ቪምቶውን ያስቀረነው ልጅቷን ቢያስመልሳት ቀይ ቀለሙ ከደም ጋር እንዳያምታታን ነው። ፓፓያውን ከፈጨችው በኋላ በወንፊት አጠለለችው፤ የተልባውንም ውኃ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ገለባ እንዳይቀርበት ሁለት ጊዜ አጣራችው።

በሰባተኛው ቀን ቁስሉን የሸፈነው ነጭ ነገር መላቀቅ ሲጀምር ሕመሙ አገረሸ፤ ጆሮዋንም ያማት ጀመር። ይህ የተለመደ ነው፤ ትኩስ ደም ከታየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በዚያው ቀን መብራት ጠፍቶ መፍጫው ሲቆም፣ ባለቤቷ አቮካዶውን በሹካ አድቅቃ፣ በማንኪያ ጀርባ እየጫነች በወንፊት አሳልፋ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አቀጠነችው። «ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ፣ የኔ እናት» እያለች አጠገቧ ተቀመጠች። ልጄ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ አንድ ሙሉ ብርጭቆ የጨረሰችው ያን ቀን ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅባትም።

ቅር ያሰኘኝ ነገርም አለ። በመጀመሪያው ቀን መፍጫው ዝንጅብል ከተፈጨበት በኋላ በደንብ ስላልታጠበ፣ አንድ ጊዜ እንደተጎነጨች ልጄ በሥቃይ አለቀሰች። ስናገራት ባለቤቷ አልተቆጣችም፤ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ፊታችን ታጥበው ነበር። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ይዞ የሚሄድ ሰው መፍጫው እንዲታጠብለት ከማዘዙ በፊት ቢጠይቅ ይሻላል። እሑድ ስለማትከፍት ደግሞ በዚያ ቀን የአጃ አጥሚት ቤት ውስጥ ሠርተን፣ በደንብ አቀዝቅዘን እንሰጣት ነበር።