«ግማሽ ብቻ ነው የሚበላው» የተባለውን ምጣድ ሳታስፈትሹ አትግዙ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ እንጀራ ጋግራችሁ የምትሸጡ እህቶቼ፣ ምጣድ ለመግዛት ካሰባችሁ እባካችሁ ይህን አንብቡ።

ከሁለት ወር በፊት ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ካለ ሱቅ «ኃይል ቆጣቢ» የሚባል የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። ጎኑ ላይ አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፎበታል። አምስት ኮከብ አለው፤ ከሥሩ «50% ቁጠባ» ይላል። ሻጩ «አብሽሪ እታለም፣ የድሮው ወደ 4000 ዋት ይስባል፣ ይሄ 2400 ብቻ ነው። ካርድሽ እጥፍ ይቆይልሻል» አለኝ። አመንኩት። ከተለመደው ምጣድ ዋጋ ላይ ጨምሬ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቀው ማሽኑ ተበላሽቷል አለኝ። ያኔ ጥዬው መውጣት ነበረብኝ።

በመጀመሪያው ቀን ምጣዱ እስኪግል ሊጡ ከባልዲው ሊፈስ ደረሰ። አንዱን እንጀራ አውጥቼ ሌላውን ላዞር ስል ሸክላው ቀዝቅዟል። እንደገና እስኪግል ቆሜ እጠብቃለሁ። እንጀራውም ዓይን አላወጣም፤ ደንበኞቼ «ምን ነካሽ?» አሉኝ። ካርዱ ደግሞ ከወትሮው ቀድሞ አለቀ።

የድሮ ምጣዴን ስላልጣልኩት ሁለቱን ለካኋቸው። ቤት ውስጥ ያለውን መብራት፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን ሁሉ አጠፋሁ። ቆጣሪው ላይ ያለውን የኪሎዋት ሰዓት ቁጥር ጻፍኩ። ከዚያ ከአንድ ቡሆ 30 እንጀራ በድሮው፣ በማግስቱ ደግሞ 30 በአዲሱ ጋገርኩ። የድሮው 3700 ዋት ነው፤ አንድ ሰዓት ከ35 ደቂቃ ፈጀ፣ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል በላ። «ቆጣቢው» ከሦስት ሰዓት በላይ ወሰደብኝ፤ የበላው 7 ተኩል ነው።

የሚያታልሉን እዚህ ላይ ነው። ዋት ማለት ምጣዱ በአንድ ጊዜ የሚስበው ኃይል ነው። የምንከፍለው ግን በዋቱ ብቻ ሳይሆን ዋቱ በቆየበት ሰዓት ተባዝቶ ነው። ዋቱ ዝቅ ብሎ ሰዓቱ ከረዘመ ምንም አላተረፍንም። በዚያ ላይ ታሪፉ በእርከን የተከፈለ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት እያለፍን በሄድን ቁጥር የአንዱ ዋጋም ይጨምራል። ለእኛ ለጋጋሪዎች ይህ ቀልድ አይደለም፤ ትርፋችን ከዚያው ነው የሚወጣው።

ኤሌክትሪሽያን ጎረቤቴን ጠርቼ ከሥር አስፈታሁት። ደህና ምጣድ ከሸክላው በታች ሙቀት እንዳይሸሽ በደንብ የተሞላ ነገር ይኖረዋል፤ ጀሶ ወይም እንደ ጥጥ ያለ መከላከያ። የእኔ ባዶ ነው! ሽቦው ሸክላው ውስጥ ባለው ቦይ ተቀብሮ ከላይ በስሱ ጀሶ ተለስኗል፤ ከዚያ በታች አየርና ስስ ላሜራ ብቻ። ስጋግር ወለሉ ለምን እንደሚሞቅ የገባኝ ያኔ ነው። በደሴ ብርድ ወለል ማሞቅ ደስ ይል ይሆናል፤ ግን ያ ሁሉ የእኔ ካርድ ነው።

ይህን ለኮምቦልቻዋ እህቴ በስልክ ስነግራት እሷም ያንኑ ገዝታ ኖሯል። የእሷ ከእኔ በአንድ ጋት ያነሰ ነው። የለጠፉበትን ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አምስት ኮከብ፣ 50%፣ 2400 ዋት። መጠኑ የተለያየ ምጣድ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር! የሠራው ማን እንደሆነ አይልም፣ የሞዴል ቁጥር የለም፣ የት እንደተፈተሸ አይናገርም። በጥፍሯ ስትልጠው ሙሉውን ወጣላት።

የዕቃዎችን የኃይል ብቃት ጉዳይ የሚመለከት ሕግ አለን፤ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006። ቁጥጥሩ ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሥራ ነው። ትክክለኛ የኃይል ብቃት መለያ ዕቃው ተፈትሾ፣ ምን ያህል እንደሚበላ ተለክቶ የሚሰጥ ነው። ባለሱቅ አሳትሞ የሚለጥፈው አይደለም። ስለምንገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ ማግኘት ደግሞ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 የተሰጠን መብት ነው።

ስትገዙ ገልብጡት። ከሥር ስታንኳኩት ባዶ ቆርቆሮ ከጮኸ ተዉት። ሻጩን «እዚሁ ሰክተህ አሳየኝ» በሉት፤ ለመጋል ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በስልካችሁ ያዙ። ዋቱን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ደረሰኝ የለም ካለ ዕቃውም አይኑር። ደግሞ አደራ፣ ደህናው ምጣድ 17 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ከተራ ሶኬት ላይ አትሰኩት። የራሱ መስመርና ብሬከር ያስፈልገዋል። ሶኬት ቀልጦ ቤት ውስጥ ጭስ ሲሞላ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሻጩ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር፤ «አጠቃቀሙን አላወቅሽበትም» ብሎ መለሰኝ። ሃያ ዓመት ለጋገረች ሴት!

የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ምጣዱን፣ የጻፍኩትን የቆጣሪ ቁጥርና የእህቴን ፎቶ ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ይህንኑ ምጣድ የገዛችሁ ካላችሁ ወረቀቱን ሳትልጡ ፎቶ አንሱ፣ ቆጣሪያችሁን ለኩና ጻፉልኝ። አብረን እንሂድ።