«ሙሉ የመብራት እድሳት» ተብሎ የተሸጠልኝ ጥቅል፦ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ባለቤቶች ተጠንቀቁ

አሮጌ ሞተር ሳይክል ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ የፊት መብራት እንዳታስቀይሩ። «ጠንካራ አምፖል፣ አዲስ ገመድ፣ ከነሬሌው» እየተባለ የሚሸጠውን ጥቅል በ9,500 ብር አስገጥሜ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ከሐዋሳ ወደ ይርጋለም ስጓዝ፣ አፖስቶ ሳልደርስ መብራቱ ድርግም አለ። ከፊቴ መብራት የሌለው የአህያ ጋሪ ነበር፤ ከኋላዬ ደግሞ ኢሱዙ። የተረፍኩት የኢሱዙው ሾፌር ረጅም መብራቱን አብርቶ ስላየኝ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው።

ሞተሬ ያማሃ ኤክስቲ 600 ነው፤ ከአንድ ፕሮጀክት ጨረታ የገዛሁት። የሚገባበት አምፖል ኤች4 የሚባለው፣ 60/55 ዋት (ረጅሙ መብራት 60፣ አጭሩ 55) ነው። ለረጅም ጊዜ ብርሃኑ እንደ ሻማ ቢጫ ሆኖ አስቸግሮኝ ስለነበር ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ባለሙያው ሳይለካ፣ ሳይፈታ፣ አንዴ አይቶ ብቻ «አምፖሉ ደካማ ነው፤ ባለ 100/90 ዋት አስገባለት፤ ገመዱንም ሙሉ በሙሉ በአዲስ እቀይርልሃለሁ» አለኝ። ሬሌ የተባለውን፣ ማብሪያው በትንሽ ኤሌክትሪክ ሲያዘው የመብራቱን ትልቅ ጭነት ራሱ የሚያስተላልፈውን ጥቁር ሳጥን በእጄ አስያዘኝ። አመንኩት። ማታ ሲበራ በእርግጥ ትንሽ ደመቅ ብሎ ነበር።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ሞተሩን በሰፈራችን ወዳሉ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ገፍቼ ወሰድኩት። ጋሼ መብራቱን ፈትተው ሶኬቱን አወጡት። ፕላስቲኩ ቀልጦ እንደ ካራሜላ ተጣብቋል፤ አንደኛው የናስ ምላስ ጠቁሯል። ቀጥለው ታንከሩን አነሱ። ሬሌው በቦታው በደንብ ታስሯል። «ልጄ፣ ና እየው» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ እግሮቹ ባዶ ናቸው። አንድም ሽቦ አልገባባቸውም። የከፈልኩበት ሬሌ ለዓይን ብቻ የተቀመጠ ዕቃ ነበር፤ የ100 ዋቱ ጭነት በሙሉ ያልፍ የነበረው በዚያው ዕድሜው በገፋ ማብሪያና በዚያው ቀጭን ሽቦ ነው።

«አዲስ» የተባለው ገመድም ከማብሪያው እስከ መብራቱ ያለው አንድ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ ብቻ ነበር፤ ከአሮጌው ጋር ተጠማዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ጋሼ ጫፉን በምላጭ ፋቁት። ከላይ ቀይ የነበረው ከሥር ነጭ ሆኖ ወጣ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን የመግታት አቅሙ ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው፤ በሞተር ንዝረትም ቶሎ ይሰበራል። በመጨረሻ የፊውዙን ክዳን ከፈቱ። ፊውዝ የለም፤ በቦታው የሽቦ ክር ተጠምጥሟል። እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ሽቦው ከአካሉ ብረት ጋር ቢነካካ የሚቆርጠው ነገር ስለሌለ እሳቱ የሚነሳው ቤንዚን ከሞላው ታንከር ሥር ነበር።

ጋሼ የተቃጠለውን ቆርጠው ለጊዜው አገናኙና በመልቲሜትር ለኩ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት አለ። አምፖሉ ሶኬት ላይ ግን 11.1 ብቻ! 2.7 ቮልቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ባለ 100 ዋቱ አምፖል 8 አምፔር ገደማ ስለሚስብ፣ ይህ ማለት ከ20 ዋት በላይ ሙቀት በማብሪያው፣ በመገጣጠሚያውና በሽቦው ውስጥ ሲነድ ነበር ማለት ነው። የሃሎጅን አምፖል ደግሞ ቮልቴጁ በ10 ከመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ በ30 ከመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ድሮም ችግሩ አምፖሉ አልነበረም። አምፖሉ ተርቦ ነበር። የበለጠ የሚበላ አምፖል በዚያው ሽቦ ላይ መጨመር ደግሞ ሽቦውን ማቃጠል ነው።

ጋሼ የሠሩት ይህን ነው፦ የድሮውን 60/55 ዋት አምፖል መለሱ። ለረጅሙ አንድ፣ ለአጭሩ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ሬሌ አሰሩ። ከባትሪው በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ንጹሕ መዳብ አዲስ መስመር ዘርግተው፣ ባትሪው አጠገብ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። ማሳውንም (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መስመር) በአካሉ ብረት ላይ ሳይተማመኑ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ድረስ ወሰዱት። የድሮው ማብሪያ አሁን ሬሌዎቹን ከመቀስቀስ በቀር ሌላ ጭነት የለበትም። ሶኬቱ ላይ 13.4 ቮልት ተነበበ። ዕቃውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ 3,200 ብር ሆነ፤ ብርሃኑ ከ100 ዋቱ ይበልጣል።

ወደ ጋራዡ ተመልሼ ስጠይቅ ገንዘቤን በመመለስ ፈንታ «ኤልኢዲ እናድርግልህ፣ 20,000 ሉመን ነው» አሉኝ፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ይህንንም ዕወቁት፦ መደበኛው ኤች4 በረጅሙ 1,650፣ በአጭሩ 1,000 ሉመን ገደማ ነው የሚሰጠው። ከዚያ አሥር እጥፍ በላይ እሰጣለሁ የሚል የካርቶን ጽሑፍ ሊታመን አይገባም። የኤች4 የአጭር መብራት ክር ከሥሩ ትንሽ የብረት ጋሻ አለው፤ ብርሃኑን ከመጪው ሰው ዓይን የሚያርቀው እሱ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ኤልኢዲዎች ብርሃናቸው ከክሩ ትክክለኛ ቦታ ስለማይወጣ፣ ለሃሎጅን በተሠራ መስታወት ውስጥ ሲገቡ ብርሃኑ ይበተናል፤ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራሉ፣ ለእናንተ ግን መንገዱን አያሳዩም።

ስለዚህ ማንም ባለሙያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባትሪውና ሶኬቱ ላይ አብራችሁት አስለኩ፤ ሲጨርስም እንደገና አስለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ አትክፈሉ። የገመዱን ጫፍ እናንተው ፋቁ። የሬሌውን እግሮች በዓይናችሁ እዩ። ደረሰኝም ተቀበሉ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው እንዲሰጥ ያዝዛል። እኔ ደረሰኝ ስላልያዝኩ ክርክሬ ሁሉ የቃል ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ይህንኑ ጥቅል ሊያስገጥም ገንዘብ ቆጥሮ ሲወጣ አገኘሁት። ለመንኩትና ቁጭ ብለን ለካን፤ ሶኬቱ ላይ 11.6 ነበር። የማሳውን ብሎን ፈትተን ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አሸንና መልሰን አጠበቅነው። 12.9 ሆነ። ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።