ከወረቀት የሚታጠፈው ማይክሮስኮፕ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፎልድስኮፕ የተባለው የወረቀት ማይክሮስኮፕ እጄ ከገባ ወራት አልፈዋል። ማኑ ፕራካሽና ጂም ሲቡልስኪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፈጠሩት ይህ መሣሪያ፣ አሠራሩ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲታተም የክፍሎቹ ወጪ ከአንድ ዶላር በታች ነበር፤ የመሸጫ ዋጋው ግን ከዚህ ይበልጣል። አካሉ ውሃ ከማያበላሸው ወረቀት የታጠፈ ነው፤ ሌንሱም እንደ ዶቃ የደቀቀች አንዲት ድቡልቡል መስታወት ነች። 140 እጥፍ ያህል ያጎላል፤ እስከ 2 ማይክሮን፣ ማለትም አንድ ሚሊሜትር ለአምስት መቶ ተከፍሎ አንዱን እጅ የሚያህል ዝርዝርም ለይቶ ያሳያል።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በሚገባ የተረዳሁት የጤፍ ሊጥ እርሾን ስመለከት ነው። ሊጡ ላይ ከሚያቅረው ቢጫማ ውሃ አንድ ጠብታ በንጹሕ ውሃ ሲቀጥን፣ በሌንሱ ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እንክብሎች ይታያሉ፤ ነገር ግን የጤፍ ስታርች ቅንጣትም ከ2 እስከ 6 ማይክሮን ስለሚሆን፣ የትኛው ሕያው፣ የትኛው ዱቄት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አዮዲን በጥቂቱ ሲጨመር ስታርቹ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ የእርሾው ሕዋሳት ግን ቢጫማ ቡናማ ሆነው ይቀራሉ፣ አንዳንዶቹም በመራባት ላይ ሳሉ በጎናቸው ትንሽ እምቡጥ አውጥተው ይታያሉ። የእንጀራውን ዐይን የሚያወጣውን ጋዝ ከሚያመነጩት መካከል እነዚህ ስለሆኑ፣ ሕዋስን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ለሚማር ተማሪ ከዚህ የቀረበ ማሳያ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሊጡን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ግን ውፍረታቸው 1 ማይክሮን ገደማ በመሆኑ በዚህ መሣሪያ አይለዩም።

በዐይን ከመመልከት ይልቅ አብሮት በሚመጣው ማግኔት ከስልክ ካሜራ ጋር አጣብቆ መጠቀም እጅግ ይሻላል። ሌንሱ ትንሽ ስለሆነ ዐይንን በጣም ማስጠጋት ግድ ይላል፤ ልጆች በዚህ ቶሎ ይሰለቻሉ። በስልክ ሲሆን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ያያል፤ በኩሬ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ፓራሚሲየም የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስም በቪዲዮ ይቀረጻል። የምስሉ መሃል ጠርቶ ዳሩ የሚደበዝዘው ከሌንሱ ድቡልቡልነት የተነሣ ነው፤ ስለዚህ የሚታየውን ነገር ወደ መሃል ማምጣት ያስፈልጋል።

ለወባ ምርመራ ይሆን እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። እጄ ላይ ያለው ዓይነት አይሆንም፤ ጥገኛ ተሕዋሱን ለማየት ላቦራቶሪዎች የደሙን ናሙና በቀለም ነክረው በ1000 እጥፍ ማጉላት ይመረምራሉ።

ብርሃኑ ከአምፖል ወይም ከሰማይ ቢሆን ይመረጣል። መሣሪያውን ወደ ፀሐይ አቅንቶ በዐይን መመልከት ግን ዐይንን ስለሚጎዳ፣ ለልጅ ከመስጠት በፊት ይህን ማስጠንቀቅ የግድ ነው።