ለሳነቴ መንገድ ስንቅ ከአራት ኪሎ ባልትና ቤት

ባሌ ተራሮች ላይ በበጋ አምስት ቀን በእግር ለመጓዝ የተነሳ ሰው አዲስ አበባን ሳይለቅ ሊጨርሰው የሚገባ ሥራ ስንቅ ነው። የብሔራዊ ፓርኩ መነሻ የሆነችውን ዲንሾን ለቆ በዌብ ሸለቆ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ከወጣ በኋላ የረሳውን የሚገዛበት ሱቅ አያገኝም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ይህ አነስተኛ ባልትና ቤት ከታሸገ የውጭ ምግብ ለዚህ መንገድ የሚሻል ዕቃ አለው፤ አንዳንዱን ግን አይቶ መግዛት ያስፈልጋል።

የቤቱ ምርጥ ዕቃ በሶው ነው። ገብሱ እኩል ተቆልቷል፣ የጥሬ ሽታ የለውም፣ በሁለት ጣት ሲታሽ ገለባ አይቆረቁርም። ገለባው በደንብ ያልወጣለት በሶ በደጋው ደረቅ ብርድ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያስላል፤ ስለዚህ ከመመዘኑ በፊት ቆንጠር አድርጋችሁ እሹት። በሶ ለሳነቴ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንደ ሳነቴ ባለ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን 87 እንኳ ሳይደርስ ይንፈቀፈቃል። ድፍን ምስር ወይም ባቄላ እዚያ ቢጣድ ላምባውን ይጨርሳል እንጂ ቶሎ አይበስልም፣ አስታ የተባለውን የደጋ ዛፍ ቆርጦ ማንደድ ደግሞ በፓርኩ ክልክል ነው። በሶና ሽሮ እሳቱን እዚሁ ከተማ አይተው ነው የሚሄዱት። የመጀመሪያው ሌሊት ከፍታው የምግብ ፍላጎት ሲዘጋም በስኳር ወይም በማር የተበጠበጠ በሶ ይወርዳል። ራስ ምታቱ ከብዶ ማስመለስ ከተጨመረበት ግን መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው፤ በምግብ አይመለስም።

ምጥን ሽሮው ጥሩ ነው፤ ቅመሙ ስለገባበት ዘይትና ውሃ ይበቃዋል። በርበሬው ጠንከር ስለሚል ለስለስ ያለውን ጠይቁ።

ድርቆሹ ላይ ቅሬታ አለን። ጠርዙ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ የታጠፈበት ቦታ ግን ይለመጣል። ያ እርጥበት በታሰረ ፌስታል ውስጥ ሁለት ቀን ከቆየ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ደግሞ ከዲንሾ ርቃችኋል። ከገዛችሁት ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው ገዝታችሁ፣ እጥፋቱን ዘርግታችሁ፣ በሰፌድ ላይ ፀሐይ አሙቁት። ቢፈረፈር አትጨነቁ፤ ሽሮ ውስጥ ሲገባ ያው ፍርፍር ነው።

ቋንጣው ጮማ የለበትም፤ ቶሎ የሚበላሸው ስቡ ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጨው በዝቶበታል። ከፍታ ላይ ሰውነት ውሃ ቶሎ ስለሚያጣ ጥሙ ይብሳል፤ ከመቀቀሉ በፊት አሥር ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉት። ስትገዙ እርዱን መጠየቅ አትርሱ። በባሌ ፈረስ የሚጭኑትና ስካውቶቹ (የፓርኩ ጠባቂዎች) አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ እርዱ የክርስቲያን ከሆነ ከእናንተ ማዕድ አይቆርሱም። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ከራሳችሁም የሚጾም ይኖራል። ሽሮውን ሁልጊዜ በዘይት ሥሩ፤ ቋንጣና ቅቤ የራሳቸው ድስት ይኑራቸው። አንድ ትርፍ ድስት መሸከም ሰው ነጥሎ ከመብላት ይቀላል።

ለአንድ ሰው ለአምስት ቀን የሚበቃው በሶ 1 ኪሎ፣ ድርቆሽ 600 ግራም፣ ሽሮ 350 ግራም፣ ቋንጣ 200 ግራም፣ ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ቆሎና ዳቦ ቆሎ 750 ግራም፣ ቅቤና ዘይት 200 ግራም፣ ስኳር 250 ግራም ነው። ሲደመር ሦስት ኪሎ ተኩል አይሞላም። ሰው አብዝቶ የሚሳሳተው ቆሎው ላይ ነው፤ ቀን እየተራመዱ የሚቆረጠመው እሱ ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል። ዳቦ ቆሎውን ቀምሳችሁ ግዙ፣ የከረመ ዘይት ከሸተተ ተዉት።

የቤቱ ትልቁ ድክመት አስተሻሸጉ ነው። ሁሉንም በአንድ ስስ ፌስታል ያስራሉ፣ መቼ እንደተፈጨ የሚገልጽ ጽሑፍም አይለጥፉም። ፈረስ ላይ ሲጫን ገመዱ ያንን ፌስታል በመጀመሪያው ዳገት ይቀደዋል። ሲጠየቁ ግን በደስታ በግማሽ ግማሽ ኪሎ ለይተው በድርብ ያስራሉ፤ እናንተ በየቀኑ ከፍላችሁ ቀኑን ጻፉበት። ንጥር ቅቤውንም በፌስታል ከመስጠት ወደኋላ ስለማይሉ ክዳኑ የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ሻሸመኔ ላይ ቀልጦ ይፈሳል፣ ሳነቴ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ማንኪያ እስኪጎብጥ ይደርቃል። በትንንሽ ዕቃ የቀን የቀኑን ለይቶ ማስቀመጥና የጠዋቱን ማታ ተኝቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ማቀፍ ይሻላል።