ዕጣኑ የታመነ፣ መደርደሪያው የተቀላቀለ፦ አንድ የደሴ ንዋየ ቅድሳት መሸጫ

ደሴ አራዳ አካባቢ ያለው ይህ ሱቅ በዕጣኑ ይታመናል፤ የሚገባውም ነው። ፍሬው ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ፣ ቅርፊትና አሸዋው የተለቀመለት ነው። ለማረጋገጥ አንድ ፍሬ ማኘክ ይበቃል፤ ንጹሕ ዕጣን መጀመሪያ ይፈረከሳል፣ ቀጥሎ እንደ ማስቲካ ነጭ ሆኖ ይያያዛል። የጥድ ሙጫ የገባበት ፍም ላይ ጠቆር ያለ ጭስ ያወጣል፣ ቫርኒሽ ቫርኒሽም ይላል። ጧፉን ግን መርጦ መግዛት ያስፈልጋል። የንብ ሰም በእጅ ሲታሽ ይለዝባል፣ ማር ማር ይሸታል፤ ፓራፊን የበዛበት ይፈረፈራል።

ትልቁ ቅሬታ ከመቁጠሪያው ጎን ያለው አዲስ መደርደሪያ ነው። የልደት ኮከብ ምልክት የተቀረጸበት ሐብል፣ «የኃይል ድንጋይ» አምባር፣ ከቡዳ ይጠብቃል የተባለ ሰማያዊ የመስታወት ዓይን ተደርድሮበታል። ካርዱ ሁሉ «የጥንት ጥበብ» ይላል። ይህ ለሁሉም እውነት አይደለም። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚዘወተርበት፣ ዊካ የሚባለው አዲሱ አረማዊነት በእንግሊዛዊው ጄራልድ ጋርድነር አማካይነት አደባባይ የወጣው እንግሊዝ የጥንቆላ ሕጓን በ1951 ከሻረች በኋላ ነው፤ ስምንት በዓላት ያሉት የዓመት ዑደቱም የተደራጀው በዚያው በ1950ዎቹ ነው (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር)። የኮከብ ካርዱ ደግሞ ማርች 21 የተወለደን «በግ» ይለዋል፤ የምድር ዘንግ በ26,000 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ስለሚዞር ፀሐይ በዚያ ቀን የምትታየው በዓሣ ኮከቦች ዘንድ ነው።

ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው ብሎ መክሰስ ግን አይጠቅምም፤ የዊካ ተከታዮች በሰይጣን መኖር እንኳ አያምኑም። የክርስትና ተቃውሞ ሌላ ቦታ ነው፦ ፍጥረት የፈጣሪን ድርሻ ሲጠየቅ። ዘዳግም 18፥10-12 ምዋርተኛንና አስማተኛን የሚከለክለው ለዚህ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥25-28 መለኪያውን ሰጥቶናል፤ ገበያ የተሸጠውን ሥጋ ሳትመረምር ብላ፣ «ለጣዖት የተሠዋ ነው» ካሉህ ግን ተው። ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ነጋሪው ካርዱ ነው።

«አሮንስ ዐሥራ ሁለት ድንጋይ በደረቱ ያደርግ አልነበር?» የሚል አለ። ዘጸአት 28 በግልጽ ይመልሳል፤ በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸው የነገዶቹ ስም ነው፣ የሚገባውም ለመታሰቢያ በእግዚአብሔር ፊት ነው። ከድንጋዩ ጥበቃ የጠየቀ የለም።

መለኪያው ለፈረንጅ ዕቃ ብቻ አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንለሳለሳለን። ለቡና የሚጨሰው ዕጣን ለመዓዛ ነው፤ ያው ዕጣን ለዛር ሲጨስ፣ ጨሌ ሲታሰርለት፣ ገብስማ ዶሮ ሲታረድለት ከአምባሩ የከፋ እንጂ የተሻለ አይሆንም። ወጋችን ነው ማለት ከዘዳግም አያስመልጥም።

ቀድሞ የገዛ ሰው ሐዋርያት ሥራ 19፥19ን ይመልከት። በኤፌሶን አምሳ ሺህ የብር ሳንቲም የተገመተ የአስማት መጽሐፍ ተቃጥሏል፤ ያቃጠሉት ግን የራሳቸውን ነው። የጎረቤትን ዕቃ የመንካት ፈቃድ ከዚያ አይገኝም።

ሱቁ አምባሩን ካርዱን አንሥቶ እንደ ተራ ጌጥ ሊሸጠው ይችላል። ሲሸጥም የአምባሩን ሰማያዊ ድንጋዮች በአሴቶን (በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) በተነከረ ጥጥ ይፈትሽ፤ ቀለም ከለቀቁ በማቅለሚያ የተነከሩ ናቸውና ዋጋቸው መውረድ አለበት። የኮከብ ሐብሉ ግን ምልክቱ በራሱ ላይ ስለተቀረጸ የሚነሣ ካርድ የለውም፤ ከመቁጠሪያው አጠገብ መውጣት አለበት።